የገበሬ ዜማና ዐሥራ ሁለቱ ድምፆች፤ ስለ ቤላ ባርቶክ የፒያኖ ሙዚቃ

ፒያኖ በሚባለው መሣሪያ ላይ ከአንድ ዶ ተነሥቶ የሚቀጥለው ዶ እስኪደረስ ድረስ ሰባት ነጭና አምስት ጥቁር ቁልፎች ይገኛሉ። እነዚህ ዐሥራ ሁለት ቁልፎች እያንዳንዳቸው ከጐረቤታቸው በግማሽ ድምፅ ተራርቀው የተቃኙ ናቸው። አንድ ሙዚቀኛ ከዐሥራ ሁለቱ ሰባቱን በታወቀው ደረጃ መርጦ፣ ከሰባቱም አንዱን መነሻ አድርጎ ዜማውን ቢሠራ አካሄዱ ዲያቶኒክ ይባላል፤ የቀሩትን አምስቱንም እየቀላቀለ ቢሠራ ግን ክሮማቲክ ይባላል። ቃሉ በግሪክ ቋንቋ «ቀለም» ከሚለው የወጣ ነው። የአውሮፓ ሊቃውንትም ተጨማሪዎቹን ድምፆች ለብዙ ዘመን የተመለከቷቸው ልክ እንደ ስማቸው ነበር፤ ሥዕሉ ሌላ፣ ቀለሙ ሌላ።

በ19ኛው መቶ ዓመት ቀለሙ በሥዕሉ ላይ እየበረታ ሄደ። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሰው ዘመን ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።) ሪካርድ ቫግነር «ትሪስታንና ኢዞልዴ» የተባለውን የሙዚቃ ድራማውን በ1865 በሙኒክ ባሰማ ጊዜ፣ አድማጮች የሙዚቃው መነሻ ድምፅ የቱ እንደ ሆነ ለብዙ ደቂቃ ሳይለዩት ይቈዩ ነበር። ከዚያ በኋላ የቪየናው አርኖልድ ሸንበርግ በ1909 በጻፋቸው ሦስት የፒያኖ ቁራጮች መነሻ ድምፅ የሚባለውን ጨርሶ ተወ፤ ከ1921 እስከ 1923 በሠራው የፒያኖ ስዊትም ዐሥራ ሁለቱን ድምፆች በእኩልነት የሚገዛ አዲስ የተራ ሕግ አወጣ። የታሪክ ጸሐፊዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚያወሱት ይህን አንድ መንገድ ነው። በነርሱ አነጋገር የክሮማቲክ ሐርሞኒ ታሪክ የአንድ አሮጌ ቤት መፍረስ ታሪክ ነው፤ ቫግነር ግድግዳውን አነቃነቀ፣ ሸንበርግ ጣለው።

ዳሩ ግን በዚያው ዘመን፣ ከቪየና እምብዛም በማይርቀው በቡዳፔስት ከተማ፣ ወደነዚያው ዐሥራ ሁለት ድምፆች በሌላ በር የገባ ሰው ነበር። እርሱም ቤላ ባርቶክ ነው። የገባበትም በር የገበሬው ዜማ ስለ ሆነ፣ ነገሩ ለሙዚቃ ሊቃውንት ብቻ የሚተው አይደለም፤ የሕዝብን ባህል ለሚመረምር ሁሉ የሚገባ ጥያቄ አለበት። ይኸውም፦ አንድ ሕዝብ በአፉ ያቈየው፣ ያለ ምንም አጃቢ የሚዘፈን ዜማ፣ በፒያኖ ላይ በዐሥራ ሁለቱ ድምፆች ቢታጀብ ራሱን ያጣልን ወይስ አያጣም የሚለው ነው።

ባርቶክ በ1881 ናጅሴንትሚክሎሽ በምትባል፣ ያን ጊዜ በሀንጋሪ ግዛት ውስጥ በነበረች፣ ዛሬ ግን በሮማንያ በምትገኝ ከተማ ተወለደ። አባቱ በ1888 ስለ ሞተ ያሳደገችው መምህርት የነበረችው እናቱ ናት፤ ፒያኖንም በመጀመሪያ ያስተማረችው እርሷው ነበረች። ከ1899 እስከ 1903 በቡዳፔስት የሙዚቃ አካዳሚ የፍራንዝ ሊስት ደቀ መዝሙር ከነበረው ከኢሽትቫን ቶማን ፒያኖን ተማረ፤ ከ1907 ጀምሮም እስከ 1934 ድረስ በዚያው አካዳሚ የፒያኖ መምህር ሆኖ ቈየ። ስለዚህ የፒያኖን ጠባይ ከብዙዎቹ የዘመኑ ደራሲዎች ይልቅ ያውቅ ነበር ማለት ይቻላል።

በዚያ ዘመን የሀንጋሪ ዜማ ነው ተብሎ በመላው አውሮፓ የታወቀው በከተማ መጠጥ ቤቶች በሮማ ሕዝብ ቫዮሊን መቺዎች የሚሰማው ነበር። ሊስት ራሱ በ1859 በፓሪስ ባሳተመው መጽሐፍ ይህን ሙዚቃ ከመሠረቱ የሮማዎች ፈጠራ ነው ብሎ አስተምሮ ነበር። ነገሩ ግን እንዲህ አልነበረም። መቺዎቹ የሚያሰሙት አብዛኛው ዜማ የከተማ ሰዎች የደረሱት እንደ ሆነ፣ የገበሬው ዜማ ደግሞ ከዚህ ፈጽሞ የተለየ እንደ ሆነ የታወቀው ኋላ ነው። ባርቶክ በ1904 በሰሜን ሀንጋሪ ገጠር ተቀምጦ ሳለ፣ ሊዲ ዶሻ የምትባል ከትራንሲልቫንያ የመጣች ሞግዚት በሚቀጥለው ክፍል ስትዘፍን ሰማ። የሰማው ከከተማው ዜማ የማይመሳሰል ስለ ነበረ ወዲያው በኖታ ጻፈው። በሚከተለው ዓመት ከዞልታን ኮዳይ ጋር ተዋወቀ፤ በ1906 ሁለቱ ጓደኞች ዐሥር ዐሥር የሕዝብ ዘፈን በፒያኖ አጅበው አንድ መጽሐፍ አሳተሙ። ከዚያም ድምፅን በሰም ላይ የሚቀርጸውን የኤዲሰን ፎኖግራፍ ተሸክመው በየመንደሩ መዞር ጀመሩ።

ባርቶክ በሀንጋሪ ገበሬዎች ብቻ አልተወሰነም። የስሎቫክንና የሮማንያን ዘፈኖች በሺህ እየቈጠረ ሰበሰበ፤ በ1913 በአልጄርያ ቢስክራ በምትባል ስፍራ የዐረቦችን ዜማ ቀረጸ፤ በ1932 በካይሮ በተደረገው የዐረብ ሙዚቃ ጉባኤ ላይ ተገኘ፤ በ1936 ወደ ቱርክ አገር ሄዶ ሰበሰበ። ይህም ሥራው ያለ ዋጋ አልቀረም። በሁኔዶዋራ አውራጃ ስላሉት ሮማንያውያን የሙዚቃ ቀበልኛ የጻፈው ጥናት በ1920 በጀርመንኛ በወጣ ጊዜ፣ ሀንጋሪ በትሪያኖን ውል ያንኑ ትራንሲልቫንያን የምታጣበት ዓመት ስለ ነበረ፣ የቡዳፔስት ጋዜጦች አገሩን እንደ ከዳ አድርገው ከሰሱት። እርሱ ግን ዜማዎቹ ከየትኛውም ወገን ቢሆኑ እንደ ተገኙ መመዝገብ አለባቸው ከማለት አልተመለሰም። በ1942 በአሜሪካ ባሳተመው አጭር ጽሑፍም የሕዝቦች ዜማ በመቀላቀል ይበለጽጋል እንጂ አይደኸይም ሲል ዘርን ለይተው ንጽሕናን ለሚሰብኩ ሰዎች መልስ ሰጥቷል። በዘመኑ ጀርመን ምን ይደረግ እንደ ነበረ ለሚያስታውስ ሰው ይህ ተራ የሙዚቃ ክርክር አልነበረም። ይኸው የባርቶክና የኮዳይ የስብሰባ ትምህርት በኋላ ዘመን እስከ ኢትዮጵያ ደርሷል፤ በ1965 የሀንጋሪ ሊቃውንት ባሊንት ሻሮሺና ጆርጅ ማርቲን ወደ አገራችን መጥተው ዘፈንና ጭፈራ ቀርጸዋል፤ ሻሮሺም ስለ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ሙዚቃ ያጠናውን በ1967 አሳትሟል።

ባርቶክ የሰበሰበውን በ1924 «የሀንጋሪ የሕዝብ ዘፈን» በተባለ መጽሐፍ በሦስት ክፍል አደራጀው፤ ለምሳሌም 320 ዜማዎችን አቀረበ። በመጀመሪያው ክፍል ያሉት እጅግ ጥንታዊ የሆኑት ባለ አምስት ድምፅ ዜማዎች ናቸው። የክራርን ቅኝት የሚያውቅ ሰው፣ ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልንና አንቺ ሆዬን የለየ ጆሮ፣ ባለ አምስት ድምፅ ሲባል ምን እንደ ሆነ ማብራሪያ አያስፈልገውም። የሀንጋሪው አምስት ድምፅ ከሶል ተነሥቶ ሲቈጠር ሶል፣ ሲ ፍላት፣ ዶ፣ ሬ፣ ፋ ነው። በዚህ ቅኝት ውስጥ ከሶል እስከ ፋ ያለው ርቀት ትንሹ ሰባተኛ የሚባለው ነው። በአውሮፓ ትምህርት ቤቶች ሐርሞኒ ይህ ርቀት ዕረፍት የሌለው፣ ወደ ሌላ ድምፅ ካልተመለሰ የማይፈቀድ ሆኖ ይቈጠር ነበር። ገበሬው ግን ሰባተኛውን እንደ ሦስተኛውና እንደ አምስተኛው ሁሉ ያለ ሥጋት ይዘፍነዋል፤ ያርፍበታልም።

ከዚህ ላይ ባርቶክ ያወጣው ብልሃት ቀላል ነው፤ ውጤቱ ግን ትልቅ ሆነ። በዜማው ውስጥ ተራ በተራ እየተሰሙ የሚስማሙት ድምፆች፣ በአንድ ጊዜ ቢመቱም ሊስማሙ ይገባል ብሎ ወሰነ። ስለዚህ ሰባተኛውን በሐርሞኒው ውስጥ መፍትሔ እንደማይጠብቅ የታረቀ ድምፅ አድርጎ አስገባው። እንዲሁም በጥንታዊዎቹ ዜማዎች ውስጥ የአራተኛ ርቀት ዝላይ ስለሚበዛ፣ አራተኛዎችን አንዱን በአንዱ ላይ እየደራረበ አዲስ ኮርድ ሠራ፤ ኮርድ ማለት በአንድ ጊዜ የሚሰሙ ድምፆች ስብስብ ነው። ከስሎቫክ ዜማዎች ደግሞ የልድያን ቅኝት፣ ማለት አራተኛው ድምፅ በግማሽ ከፍ ያለበትን አገኘ፤ ከዶ እስከ ፋ ሻርፕ ያለውን አስቸጋሪ ርቀት በነፃነት ለመጠቀም ምክንያት የሆነው ይህ ነው። እንግዲህ የባርቶክን ሐርሞኒ ጨካኝና ጆሮ የሚቈርጥ ነው ብለው የወቀሱት ሰዎች፣ ብዙውን ጊዜ የወቀሱት ሳያውቁት ራሱን የገበሬውን ዜማ ነበር።

የዚህ አካሄድ የመጀመሪያው ፍሬ በ1908 የጻፋቸው ዐሥራ አራት ባጋቴሎች ናቸው። ባጋቴል ማለት አጭር፣ እንደ ቀልድ የሚቈጠር ቁራጭ ነው፤ እነዚህ ግን ቀልድ አልነበሩም። በዚያው ዓመት በበርሊን ለፌሩቾ ቡዞኒ በተጫወታቸው ጊዜ፣ እርሱም የታወቀ ፒያኒስትና አዲስ ነገር ፈላጊ ነበርና፣ እውነተኛ አዲስ ሥራ መሆናቸውን መሰከረ። በመጀመሪያው ባጋቴል የቀኝ እጅ ኖታ በአራት ሻርፕ፣ የግራው በአራት ፍላት ተጽፏል። ብዙ ተንታኞች ይህን አይተው ሁለት ቤተ ድምፅ ባንድነት ተጫወቱ ብለው ጻፉ። ባርቶክ ግን በ1945 ለፒያኖ ሥራዎቹ በጻፈው መቅድም እነዚያን ሰዎች አስተባበለ፤ ቁራጩ በፍርግያ ቅኝት ቀለም የተቀባ ዶ ሜጀር እንጂ ሌላ አይደለም አለ፤ የሁለቱ እጆች ምልክት መለያየትም የምልክት አጻጻፍ ለአዲሱ ሙዚቃ ትርጕም እንዳጣ ለማሳየት ነው ሲል አስረዳ። መነሻው አንድ ነው፤ በላዩ የተደረቡት ቅኝቶች ግን ሁለት ናቸው። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ሁሉ በዚህ አንድ ገጽ ውስጥ ተጠቅልሎ ይገኛል ማለት ማጋነን አይሆንም።

ይሁን እንጂ መንገዱ ቀጥ ብሎ አልሄደም። በ1920 ገደማ ባርቶክ ወደ ሸንበርግ ወገን እጅግ ተጠግቶ ነበር። በዚያው ዓመት «ሜሎስ» በተባለው የጀርመን መጽሔት ስለ አዲሱ ሙዚቃ ችግር ባወጣው ጽሑፍ፣ ሙዚቃ ወደ ዐሥራ ሁለቱ ድምፆች እኩልነት እየገሠገሠ መሆኑን በደስታ ይናገራል። በተግባር ግን በዚሁ ዓመት የጻፈው በሀንጋሪ ገበሬ ዘፈኖች ላይ የተመሠረቱትን ስምንት የፒያኖ ኢምፕሮቪዛሲዮኖች ነው። በእነዚህ ሥራዎች ዜማው እንደ ተገኘ ይቀመጣል፤ በዙሪያው ያለው ሐርሞኒ ግን ከዜማው ቅኝት ውጭ የሆኑትን ድምፆች ሁሉ ይጠራል። ሰባተኛው በ1918 ለሞተው ለክሎድ ደቡሲ መታሰቢያ የተሠራ ነው። ቀላሉ ዜማ በመካከል እንደ አንድ ሽማግሌ ጸንቶ ይቀመጣል፤ በዙሪያው ያለው ጫጫታ አያናውጠውም። ባርቶክ ራሱ ኋላ እንደ ተናገረው፣ ለተራ የሕዝብ ዜማ የሚሰጠው አጃቢ በድፍረት ሊደርስበት የሚችለው የመጨረሻ ወሰን ይህ ነበር።

በወሰኑ ላይ ቆሞ ግን አልተሻገረም። ምክንያቱንም በ1928ና በ1931 ባሳተማቸው ጽሑፎች ገልጿል፤ የሕዝብ ዜማ ምንጊዜም መነሻ ድምፅ አለው፤ መነሻ የሌለው የሕዝብ ዜማ ሊታሰብ እንኳ አይችልም፤ ስለዚህ በሕዝብ ዜማ ላይ የቆመ ሙዚቃ መነሻውን ሊክድ አይቻለውም። በ1931ዱ ጽሑፍ የሰጠው አንድ አስተያየት በተለይ ሊመረመር ይገባዋል። ዜማው ቀላል በሆነ መጠን አጃቢው ሐርሞኒ እንግዳ ሊሆን ይችላል ይላል። ይህ ከሩቅ ሲሰማ ተቃራኒ ነገር ይመስላል። ነገር ግን በሁለት ወይም በሦስት ድምፅ ብቻ የተሠራ ዜማ ሐርሞኒውን በምንም አያስርም፤ በሰባት ድምፅ የተራቀቀ የከተማ ዜማ ግን የራሱን ሐርሞኒ አስቀድሞ ይዞ ስለሚመጣ ለሌላ ስፍራ አይለቅም። ጥንታዊው የገበሬ ዜማ ለአዲሱ ሙዚቃ የተመቸው በድኽነቱ ሳይሆን በነፃነቱ ነበር።

ከ1926 ወዲህ፣ የፒያኖ ሶናታውን፣ የመጀመሪያውን የፒያኖ ኮንቼርቶና «ከቤት ውጭ» የተባሉትን አምስት ቁራጮች ከጻፈበት ዓመት ጀምሮ፣ የሕዝብ ዜማ በስሙ ተጠርቶ የሚገኘው ከቀድሞው ባነሰ ጊዜ ነው። ከዚያ ይልቅ ቋንቋው እንደ እናት ቋንቋ ሆኖ ከውስጥ ይናገራል። የዚህን ቋንቋ ሰዋስው ባርቶክ ለረጅም ጊዜ በጽሑፍ አላብራራም፤ ጥንቅርን ማስተማርም እንቢ ብሎ የኖረ ሰው ነው። በ1940 ጦርነቱን ሽሽት ወደ አሜሪካ ተሰደደ። በመጨረሻም በየካቲት 1943 በሀርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ንግግር ሲያደርግ ምሥጢሩን ገለጠው፤ ንግግሮቹንም ሕመሙ ስለ በረታበት ሳይፈጽማቸው ቀረ።

የገለጠውም ነገር ይህ ነው። ከዶ ተነሥቶ የልድያ ቅኝት ቢደረደር ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ፋ ሻርፕ፣ ሶል፣ ላ፣ ሲ ይሆናል። ከዚያው ከዶ ተነሥቶ የፍርግያ ቅኝት ቢደረደር ደግሞ ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ሚ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ፍላት፣ ሲ ፍላት ይሆናል። ሁለቱ አንዱ በአንዱ ላይ ሲደረቡ የሚጋሩት ዶንና ሶልን ብቻ ነው፤ የቀሩት አምስት አምስት ድምፆች ተጨምረው ድምሩ በትክክል ዐሥራ ሁለት ይመጣል፤ የሚደገምም የሚጐድልም የለም። ባርቶክ ይህን የብዙ ቅኝት ክሮማቲክ ብሎ ሰየመው። በቫግነር ሥራ ፋ ሻርፕ ቢሰማ፣ ያ ድምፅ ከስፍራው የተገፋ ፋ ነው፤ ወደ ሶል ለመድረስ የሚቸኵል መንገደኛ ነው። በባርቶክ ሥራ ግን ፋም ፋ ሻርፕም እያንዳንዳቸው በየቅኝታቸው ባለ ርስት ናቸው፤ አንዱ የሌላው ምትክ ወይም ጥላ አይደለም፤ ወደ የትም መሄድ አይገባቸውም። ሸንበርግ ዐሥራ ሁለቱን እኩል ያደረጋቸው መነሻውን በማስወገድ ነው፤ ባርቶክ ደግሞ ዐሥራ ሁለቱንም ያገኛቸው መነሻውን በማጽናት ነው። ሁለት መነሻ በአንድ ጊዜ አለ የሚለውም አነጋገር በወረቀት ላይ ለዓይን ካልሆነ በቀር ለጆሮ እውነት እንዳልሆነ ተናገረ።

በዚሁ ንግግር ስለ ዜማም አንድ ነገር ጨመረ። በ1923 በጻፈው የጭፈራ ስዊት የመጀመሪያው ዜማ በግማሽ ድምፅ እየተጠጋጋ የሚሄድ ሲሆን፣ የዐረብን ዜማ የሚመስል ነው፤ ከ1926 ጀምሮ ግን ማንንም ሳይመስል እንዲህ ያለውን ዜማ ሠራ፤ የራሱም ፈጠራ መሰለው። ከዚያ በኋላ በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ተቀምጦ ሚልማን ፓሪ በዩጎስላቭያ የቀረጻቸውን ዘፈኖች በኖታ ሲጽፍ፣ በዳልማትያ ባሕር ዳር ገበሬዎች ይህንኑ የተጠበበ ዜማ በሁለት ድምፅ ሲዘፍኑት እንደ ኖሩ አወቀ። የፈጠረው የመሰለው ነገር አስቀድሞ በሰው አፍ ነበረ። ባርቶክ በዚህ እንዳዘነ የሚያሳይ ነገር በንግግሩ የለም፤ ይልቁንም እንደ ምስክር አድርጎ ያቀርበዋል። በኖታ የጻፋቸው ሰባ አምስቱ የሴቶች ዘፈኖች እርሱ በ1945 ከሞተ ከስድስት ዓመት በኋላ ከአልበርት ሎርድ ጥናት ጋር ታተሙ።

ከሞቱ በኋላ የተነሣው ክርክር ሥራውን ከሁለት ሊከፍለው ደረሰ። በ1947 በፓሪስ ረኔ ላይቦቪትዝ «ሌ ታን ሞደርን» በተባለው መጽሔት ላይ ባርቶክን በመደራደር ከሰሰው፤ ወደ ዐሥራ ሁለቱ ድምፆች ነፃነት ከተጠጋ በኋላ ሕዝብን ለማስደሰት ወደ ኋላ ተመለሰ አለ። በሀንጋሪ ደግሞ በ1950 ገደማ የመንግሥቱ ባለሥልጣኖች የተቃራኒውን አደረጉ፤ ለሕዝብ ዘፈን የቀረቡትን ሥራዎች እያመሰገኑ፣ ክሮማቲክ የበዛባቸውን ሥራዎች ከራዲዮ አስወገዱ። የፓሪሱ ሰው ገበሬውን ቈርጦ መጣል ፈለገ፤ የቡዳፔስቶቹ ዐሥራ ሁለቱን ድምፆች። ሁለቱም ወገኖች አንዱ ካንዱ የወጣ መሆኑን አላዩም፤ ወይም ለማየት አልተመቻቸውም።

ለዚህ መከፋፈል መልስ ለመስጠት ከተነሡት መካከል ኤርኖ ሌንድቫይ ይገኛል፤ በ1955 ስለ ባርቶክ አጻጻፍ ባሳተመው መጽሐፍ ዐሥራ ሁለቱን ድምፆች በሦስት ዐምድ ከፈላቸው፤ ለምሳሌ ዶ፣ ሚ ፍላት፣ ፋ ሻርፕና ላ አንዱ በአንዱ ምትክ መነሻ ሊሆኑ ይችላሉ አለ፤ የሥራዎቹንም ርዝመት በወርቃማው ክፍፍል ለካ። ትምህርቱ በዓለም ሁሉ ተሰማ፤ ዐምዶቹም በብዙ ገጾች ላይ ለጆሮ እውነት ሆነው ይገኛሉ። ነገር ግን የባርቶክን የእጅ ጽሑፎች አንድ ባንድ የመረመረው ላስሎ ሾምፋይ የእንዲህ ያለ ስሌት ምልክት እንዳላገኘ በ1996 ባወጣው መጽሐፍ አስታውቋል። የሌንድቫይ ትምህርት የተሠራውን ቤት ይለካል፤ ድንጋዩ ከየት እንደ መጣ ግን አይነግርም።

ይህን ለማወቅ ከባርቶክ ንግግር ቀጥሎ የሚሻለው ምስክር «ሚክሮኮስሞስ» ነው። ይህ ሥራ ከ1926 እስከ 1939 የተጻፉ 153 የፒያኖ ቁራጮች በስድስት ጥራዝ የተደራጁበት ሲሆን በ1940 ታተመ፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ጥራዞች ለልጁ ለፔተር የተሰጡ ናቸው። በመጀመሪያዎቹ ስድስት ቁራጮች ሁለቱ እጆች አንዱን ዜማ በአንድነት ይመታሉ፤ ሐርሞኒ የሚባል የለም፤ ልክ እንደ ገበሬው ዘፈን። ቀጥሎ ልጁ የየቅኝቱን ጠባይ፣ ልድያውንም ፍርግያውንም፣ ለየብቻ ይማራል። በ54ኛው ላይ ክሮማቲክ ይመጣል፤ በ59ኛው ሜጀርና ማይነር በአንድ መነሻ ላይ ይገናኛሉ። 64ኛው «መስመር በነጥብ ላይ» የሚባለው በሁለት ዐይነት ተጽፏል፤ በመጀመሪያው ዜማው በሰፊ እርምጃ ይሄዳል፤ በሁለተኛው ያው ዜማ እያንዳንዱ እርምጃው ወደ ግማሽ ድምፅ ተጠብቦ ይመለሳል፤ ቅርጹ ግን አይጠፋም። ሁለቱን ገጾች ጐን ለጐን አድርጎ በፒያኖ የሚመታ ተማሪ ባርቶክ በሀርቫርድ ያስረዳውን በሁለት ደቂቃ ውስጥ በጣቱ ያገኘዋል። ከ91ኛው ጀምሮ የክሮማቲክ ኢንቬንሲዮኖች ይከተላሉ፤ በመጨረሻው ጥራዝ 144ኛው ቁራጭ በግማሽ ድምፅና በትልቁ ሰባተኛ ብቻ የታነጸ ነው። ልጁ እዚህ ገጽ ላይ ሲደርስ ዐሥራ ሁለቱን ድምፆች ሁሉ ያውቃቸዋል፤ እያንዳንዱም ከየትኛው ቅኝት ቤት እንደ መጣ አስቀድሞ ተምሯል።